እልፍኝ ውስጥ የተቀመጠ ፒያኖ

ደብረ ብርሃን ላይ ሐምሌ ከገባ በኋላ እኔ ቤት ድምፅ መቅረጽ የማይታሰብ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰውና ሰው እንኳ ካልተጠጋጋ አይደማመጥም፤ ጉሙ ከአንኮበር በኩል ተነሥቶ ከተማውን አንዴ ከሸፈነ ቶሎ አይገለጥም፤ ፒያኖውም እርጥበቱን እየጠጣ ቅኝቱን ይለቃል። ስለዚህ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መባቻ አልቀርጽም። እጽፋለሁ፣ እለማመዳለሁ፣ ካለፈው ዓመት የቀረውን እያዳመጥሁ አርማለሁ። ዘንድሮ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ማስፈር ፈለግሁ። ለምን በፒያኖ እንደምዘፍን፣ ያውም ለምን በዝግታና በጥቂት መሣሪያ እንደምዘፍን ለሚጠይቁኝ ሰዎች በቃል የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ ጎደሎ እየሆነ ስላስቸገረኝ ነው።

የምሠራው ሙዚቃ በውጭው ዓለም «ቻምበር ፖፕ» ይባላል። ዜማው ማንም ሰው ሊያንጎራጉረው የሚችል ተራ ዘፈን ነው፤ አጃቢዎቹ ግን ከጊታርና ከከበሮ ይልቅ ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ አንዳንዴም የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው፤ የተጫዋቾቹም ቁጥር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ዓይን ለዓይን ሊተያዩ ከሚችሉት ሰዎች ብዙም አይበልጥም። ስሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ አልተቸገርሁም፤ ቃሉ እኛ ዘንድ ከጥንት አለና። እልፍኝ ነው። በሸዋ መኳንንት ቤት ወግ አዳራሹ ሌላ፣ እልፍኙ ሌላ ነበር። በአዳራሹ ግብር ይበላል፣ ፎካሪው ይፎክራል፣ አዝማሪው ድምፁን ከሕዝቡ ጫጫታ በላይ አውጥቶ ያሞግሳል፤ ወደ እልፍኙ የሚገባው ሰው ግን ተለይቶ ነው፣ ለበሩም እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም ነበረው፣ እዚያ የሚነገረውም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚል ክርክር የለኝም። ሠርግ ያለ አዳራሽ ሠርግ አይሆንም፤ እኔም የዘመድ ሠርግ ላይ ከበሮው ሲመታ ከሚቀመጡት ወገን አይደለሁም። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ ዘፈናችን አዳራሹን እያሰፋ ሲሄድ እልፍኙን እየዘጋው መጥቷል።

አሠራሩ በውጭ አገር እንዴት እንደ ተጀመረ ባጭሩ ተናግሬ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቢትልስ አንድ ዘፈናቸውን ያለ ጊታርና ያለ ከበሮ፣ በአራት ቫዮሊን፣ በሁለት ቪዮላና በሁለት ቼሎ ብቻ አሳጅበው አወጡ፤ ማይክሮፎኖቹም ወደ መሣሪያዎቹ በጣም ተጠግተው ስለ ነበር ደጋኑ ክሩን ሲነክሰው ሳይቀር ይሰማል። «ቻምበር ፖፕ» የሚለው ስም በስፋት የተለመደው ግን በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ፒያኖውን የቤቱ ምሰሶ አድርገው፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው እየጻፉ የመጡ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ታሪኳ ልቤን የሚነካው ሬጂና ስፔክተር ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 በዘጠኝ ዓመቷ ከቤተሰቧ ጋር ከሞስኮ ስትሰደድ ፒያኖዋን ትታ ወጣች፤ ኒው ዮርክ በአንድ ምኩራብ ምድር ቤት ውስጥ ፒያኖ እስክታገኝ ድረስ ጣቶቿን ጠረጴዛ ላይ ታለማምድ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበሟንም በ2001 ያለ አሳታሚ በራሷ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ የምታለማምደውን ልጅ አውቃታለሁ። እኔም መጀመሪያ የተማርሁት በተውሶ ኪቦርድ ነበርና፣ ኪቦርዱ ወደ ባለቤቱ በተመለሰባቸው ወራት የካርቶን ወረቀት ላይ ቁልፎቹን በእስክሪብቶ አስምሬ፣ ድምፁን በአፌ እያወጣሁ ተለማምጄበታለሁ።

ይሁን እንጂ የዚህ ሙዚቃ ዋና አብነቴ ከባሕር ማዶ አልመጡም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፣ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ፣ ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያም ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፣ በዚያም አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፣ እዚያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኗቸውን የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ ጥቂት ነው። ሲዘፍኑ የሰማቸው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ የዘፈኗቸውና ራሳቸው በካሴት የቀረጿቸው ዜማዎች ታትመው የወጡት ካረፉ በኋላ፣ በ2024 ነው።

እነዚያን ዘፈኖች መጀመሪያ የሰማኋቸው በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ሸኖን አልፈን ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት መግባት ጀምሮ ነበር። ቀረጻው የቤት ቀረጻ ነው። ከመስኮቱ ውጪ ወፎች ይሰማሉ፤ የተቀመጡበት ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ድምፃቸው የሰለጠነ የመድረክ ድምፅ አይደለም፤ ብቻዋን የቀረች ሴት ለራሷ ስታንጎራጉር የምታወጣው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነው፣ ፒያኖውም ይህን ስለሚያውቅ አይጫነውም፤ አንድ ስንኝ ካለቀ በኋላ የተባለውን መልሶ ያስባል እንጂ ቀድሞ አይናገርም። ስቱዲዮ እስካገኝ እጠብቃለሁ ማለቴን ያቆምሁት ያን ቀን ነው። ወፎቹን ከዚያ ቀረጻ ላይ የሚያጠፋ ባለሙያ ቢመጣ ዘፈኑን ገደለው እንጂ አጠራው አልልም።

እማሆይም ቢሆኑ ከባዶ አልተነሡም፤ እልፍኝ ውስጥ የሚሰማ ዜማ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለምና። በልጅነቴ በዓቢይ ጾም አጎቴ ቤት በገና ይደረደር ነበር። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ በነዚያ ሳምንታት ማሲንቆውም ክራሩም ተሰቅሎ አሥሩ የበገና አውታሮች ብቻ ይናገራሉ። በየአውታሩ ሥር የሚገባው እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ድምፁን እንደ ንብ ያስጎመጉመዋል፤ ደርዳሪው ደግሞ በጉምጉምታው መካከል፣ ከንግግር እምብዛም ከፍ ባላለ ድምፅ ቃሉን ያስቀምጣል። ልጆች እንኳ አንንጫጫም ነበር። ማንም አልከለከለንም፤ ድምፁ ራሱ ዝቅ ብሎ ስለሚናገር ለመስማት ስንል ዝም እንላለን። ያ ትምህርት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ሰሚን ዝም የሚያሰኘው የድምፅ ማነስ ነው። በገናን ግን ወደ ዘፈኖቼ አላስገባሁም፣ አላስገባውምም። ለጸሎት የተለየ ነው፤ ባለበት ይክበር።

ፒያኖዬ ቋሚ ፒያኖ ነው። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ ቤተሰብ አዲስ አበባ ላይ ገዝቼው፣ በፍራሽ ተጠቅልሎ በአይሱዙ 130 ኪሎ ሜትር ተጓዘ፤ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ ለማውረድ ስድስት ሰው ፈልጎ ነበር። ከ200 በላይ ክሮች የተወጠሩበት የብረት ማቀፊያ ነው ክብደቱ። ታች ያሉት ወፍራም ድምፆች በቁልፍ አንድ አንድ ክር ሲኖራቸው መካከሎቹ ሁለት ሁለት፣ ላይኞቹ ሦስት ሦስት አላቸው፤ ሁሉም ተደምረው የሚስቡት ጉልበት ከ15 ቶን ያልፋል። ይህን ሁሉ ጉልበት የሚሸከመው የብረት ማቀፊያው ነው፤ ክሮቹ ግን ከኋላ በኩል አንድ ስስ የእንጨት ሰሌዳን ተጭነው ያልፋሉ፣ ሰሌዳው ደግሞ አየሩን ይከተላል። 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣው አየሩ ደርቆ ሰሌዳው ይኮማተራል፣ ድምፁ ይወርዳል፤ በክረምት ያብጣል፣ ክሮቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል፣ ድምፁ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ በየጊዜው ከአዲስ አበባ ቃኚ ማስመጣት አቅሜ ስላልፈቀደ መቃኘቱን ራሴ ተማርሁ። ከሦስቱ ክሮች ሁለቱን በጎማ ሽብልቅ አፍኜ አንዱን አቃናለሁ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ለቅቄ ሁለቱ አብረው ሲሰሙ መካከላቸው የሚፈጠረውን መርገብገብ አዳምጣለሁ። መፍቻውን በጣም በትንሹ ሳዞረው መርገብገቡ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ድንገት ይቆማል፣ ሁለት የነበረው ድምፅ አንድ ይሆናል። ይህን ጊዜ ያህል የምወደው ሰዓት የለኝም። ብዙ ዘፈኖቼ የጀመሩት መፍቻው እጄ ላይ እያለ ነው።

ስለ ባናው፣ ከበግ ፀጉር ስለ ተሸመነው ወፍራም ልብስ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ድምፄን ያገኘሁት በእሱ ነውና። አንዳንድ ቋሚ ፒያኖዎች መካከለኛው ፔዳላቸው ሲረገጥ በመዶሻዎቹና በክሮቹ መካከል አንድ የሱፍ ጨርቅ ይወርዳል፤ የተሠራው ጎረቤት እንዳይረበሽ ለልምምድ ነው። የእኔውን ጨርቅ ብል በልቶት ከክሩ በስተቀር ምንም አልቀረውም ነበር። አያቴ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ያመጣችው፣ ዳርና ዳሩ ያለቀ አሮጌ ባና ሣጥን ውስጥ ነበረና ከእሱ ክንድ ተኩል የሚሆን ቆርጬ በቦታው ሰቀልሁት። መጀመሪያ ወፍራም ስለ ነበር መዶሻው ክሩን ሳይሆን ባናውን ብቻ መታ፤ ድፍን ያለ፣ ዜማ የሌለው ድምፅ ወጣ። ቀስ በቀስ በመቀስ አሳሳሁት። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንድ ምሽት መካከለኛዋን ፋ ስነካት ድምፁ ከሩቅ ክፍል እንደሚመጣ ሆኖ መጣ፤ ከድምፁ ቀድሞ የመዶሻው አነሳስ፣ የእንጨቱ ሲጥታ፣ የጣቴ ማረፍ ሁሉ ይሰማል። ጀርመናዊው ፒያኖ ተጫዋች ኒልስ ፍራምም ሌሊት ጎረቤቶቹን ላለማወክ ክሮቹ ላይ ሱፍ እያለበሰ ተጫውቶ በዚያው ድምፅ የተሠራ አልበም እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳወጣ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የመዶሻዎቹ ራስ ራሱ ተጠቅጥቆ የጠበቀ የበግ ፀጉር ነው፤ የመንዝ ሴቶች የፈተሉት፣ ወንዶች የሸመኑት የበግ ፀጉር ደግሞ በላዩ ተጨመረለት። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ፍሎረንስ ላይ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ሲሠራው ስሙ ረጅም ነበር፤ በለስላሳም በኃይለኛም ድምፅ የሚናገር ለማለት የተሰጠ ስም ነው፣ ዘመን ሲያሳጥረው «ፒያኖ» የሚለው ብቻ ቀረ፣ ትርጉሙም በጣልያንኛ «ለስላሳ» ነው። በስሙ መጥራት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ፒያኖ ቅኝታችንን፣ ማለትም ትዝታንና አምባሰልን የመሳሰሉትን ባለ አምስት ድምፅ የዜማ ሥርዓቶች፣ እንዴት ይሸከማል? ብዙ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል፤ አምስቱን ድምፆች ፈልጎ ሌሎቹን አለመንካት። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አደርግ ነበር፣ ከዚያም ሥሩ ከትምህርት ቤት የተማርሁትን ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ድምፆችን፣ እደረድር ነበር። በሜጀር ትዝታ ያስኬዳል። አምባሰል ላይ ግን ተሰነካከልሁ። አምባሰልን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ከዶ ተነሥቶ ሦስተኛ የሚባል ድምፅ የለውም። ኮርድ ደስታ ይሁን ኀዘን የሚታወቀው በዚያ በሦስተኛው ድምፅ ነውና፣ አምባሰል በገዛ ቤቱ፣ በመነሻ ድምፁ በዶ፣ ሲቀመጥ ደስ ብሎኛልም ከፍቶኛልም አይልም። ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ጨምሬ እንዲናገር ሳስገድደው ቅኝቱ ከእጄ ጠፍቶ ሌላ አገር ዘፈን ሆነብኝ። መውጫው የተገኘው ከውስጡ ነው። ሬ ፍላት፣ ፋና ላ ፍላት አብረው ሲመቱ ሙሉ ሜጀር ኮርድ ናቸው፤ ፋ፣ ላ ፍላትና ዶ ደግሞ ሙሉ ማይነር። ስለዚህ ግራ እጄ ቤቱ ላይ ሲሆን ዶና ሶልን ብቻ ባዶ አድርጎ ይይዛል፤ ሲወጣ ደስታም ኀዘንም መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ሲመለስ በሩን ዝግ ያገኛል። ይህን ካየሁ በኋላ ለአምባሰል የሚሆነው ግጥም የመንገደኛ ግጥም ነው አልሁ።

ግጥሙን የጻፍሁት ከመርሐቤቴ በኩል ጀማን ተሻግሮ ወደ ደብረ ብርሃን ስለሚመጣ ሰው ነው። ልኩ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም። የመጨረሻው ስንኝ እንዲህ ይላል፦

ጀማን ተሻገረ ደራሹ ሲያገሣ፤
ሁሉን ወንዝ አለፈ ቀረበት በሬሳ።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ትልልቁን ወንዝ ሁሉ አልፎ ከከተማው ሥር ያለችው የበሬሳ ወንዝ ቀረችው። ወርቁ ያለው «በሬሳ» ላይ ነው፤ «በሬስ? የእኔስ በር?» ብላ የምትጠይቅ ሴት አለች። ስንኙን ስጽፈው ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያጠራቀምሁትን ይዤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ስቱዲዮ ሄድሁና ዘፈኑ ተቀናበረ። አቀናባሪው ሥራውን የሚያውቅ፣ ትሑት ሰው ነበር፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም፣ እኔም አፌን ዘግቼ ተቀብያለሁ። ከበሮው በኮምፒዩተር ገባ፣ ኪቦርዱ የቫዮሊን መንጋ ሆኖ ገባ፣ የስንኝ ማብቂያ ላይ ትንፋሽ የምስብበት ቦታ ሁሉ በጣልቃ ዜማ ተሞላ፤ «በሬሳ» ከማለቄ አዝማቹ ተከተለ። ዘፈኑ ከተማው ውስጥ ትንሽ ተሰማ። የሰማኝ ሁሉ ስለ ወንዛችን በመዝፈኔ አመሰገነኝ። አንድም ሰው በሩን አልሰማም። ሰው ቅኔ መስማት ረስቷል ብዬ አላምንም፤ በዚህ አገር ለቅሶ ላይ አንዲት አልቃሽ የምትጥለውን ኅብረ ቃል ገበሬው ከዳር ሆኖ ይፈታታል። ለቅሶው ላይ ግን ከቃሉ በኋላ ዝምታ አለ። የእኔው ዘፈን ለወርቁ መቀመጫ አልተወለትም ነበር።

ዘፈኑን ቤቴ አምጥቼ በባናው ፒያኖ እንደገና ጀመርሁት። ያኔም ቢሆን መጨረሻው አልሆነልኝም፤ «በሬሳ» የሚለውን በሬ ፍላት ላይ ላቆመው አስቤ ነበር፣ ያ ድምፅ ወደ ዶ ለመውረድ እየጓጓ የሚንጠለጠል ድምፅ ነውና ለጥያቄ ይመቻል። ፒያኖው ላይ ሬ ፍላትን ስመታው ግን ጥያቄ አልመሰለም። የረዱኝ የማሲንቆ ተጫዋች የሆኑ አንድ የመንዝ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ማሲንቋቸውን ከፒያኖው ጋር አቃንተው የአምባሰሉን ዜማ ወረዱትና ሬ ፍላት ላይ ሲደርሱ የሁለታችን ድምፅ ተፋጨ። የእርሳቸው ዝቅ ይላል፤ በፒያኖው ሁለት ቁልፎች መካከል፣ ቁልፍ በሌለበት ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርን። ከዚያ ደጋኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፒያኖውን እያዩ፣ «እንግዲህ እታለም፣ ይቺ ሣጥን አትታጠፍም፤ እኔም እንዳልታጠፍ አርጅቻለሁ፤ አንዳችን ዝም እንበላ» አሉኝ።

ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ዘፈን ውስጥ ፒያኖው ሬ ፍላትን አይነካም፤ ድምፁ የጋሼና የጉሮሮዬ ሆነ። ለእርሳቸው ከወንበር በላይ አንድ የድምፅ ደረጃ ለቀቅሁላቸው ማለት ነው። መጨረሻው ላይ «ቀረበት» ብዬ ግራ እጄ ዶና ሶልን ይይዛል፣ ከዚያ እጄን አንሥቼ ድምፁን የሚያቆየውን የቀኙን ፔዳል እለቃለሁ፣ ድምፁ ይጠፋል፤ «በሬሳ» ባዶ ክፍል ውስጥ ይባላል፣ «ሳ» ላይ የማሲንቆው አንዲት ክር ብቻ ከሥሬ ትቆማለች፣ ወደ ቤቷም አትመለስም። የእልፍኝ ሙዚቃ የሚባለው ለእኔ በዚህ ይገለጻል። እያንዳንዱ የሚናገርበት ቦታ አለው፣ ዝም የሚልበትም ቦታ አለው፣ ዝም ማለቱም እንደ መናገሩ ይጻፋል። ኪቦርድ አንድ ሰው ብቻውን አሥር መሣሪያ ሆኖ እንዲናገር ስለሚያስችለው ዝም የሚል ሰው አያስፈልገውም፤ እኔን ከእሱ የሚያርቀኝም ይኸው ነው።

አንድ የኅዳር ማታ ይህንኑ ስለማመድ አረጋዊት ጎረቤቴ ቡና ደርሷል ሊሉኝ መጡ። «ግቡ እማማ፣ ይህችን ልጨርስና አብረን እንሄዳለን» አልኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። የድሮውን ቅንብር ስንት ጊዜ ሰምተውታል፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲያንጎራጉሩት ሰምቻቸዋለሁ። እኔ ዘፈንሁ፣ መጨረሻው ላይ ፔዳሉን ለቀቅሁ፣ ጋሼ ስላልነበሩ «በሬሳ» የሚለው ከድምፄ ሌላ ምንም ሳይኖረው ወጣ። ትንሽ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላዬ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰማሁ።

«ውይ በሞትሁ» አሉ። «በሩን ነው ለካ።»

ዞር ስል ዓይናቸው ደጃፉ ላይ ነበር። «እኔ እስከ ዛሬ ወንዙን መስሎኝ» አሉና ጥቂት ቆይተው፣ «የእኔም በር እንዲሁ ነበር፣ ልጄ» ብለው ተነሡ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኋቸው። ቡናው ላይ ስለ ገብሱ ዋጋ ነበር ያወራነው።

ከዚያ በኋላ የማንንም ምስክርነት አልፈለግሁም። አሁን የምቀርጸው በሁለት ማይክሮፎን ነው፤ አንዱ ከፒያኖው ጀርባ ሰሌዳው አጠገብ፣ ሌላው ከአፌ ስንዝር በማይሞላ ርቀት። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው፤ የደሴ መንገድ የጭነት መኪኖች ያኔ ይቀንሳሉ። አንድ ቀረጻ ላይ ከሩቅ የጅብ ጩኸት ገብቷል፤ አላጠፋሁትም። ሥራዎቼን በኢንተርኔት በራሴ እለቃለሁ፣ ኑሮዬን ግን በማስተማር ነው የምደጉመው፤ አሳታሚ ስለሌለኝ ያጣሁት ገንዘብ አለ፣ መጨረሻው ላይ አዝማች ጨምሪ የሚለኝ ሰው ግን የለም። ቼሎ የሚጫወት ባለሙያ ከአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ላስመጣ እየቆጠብሁ ነው። በአንቺሆዬ ቅኝት የጀመርሁት ሌላ ዘፈን አለኝ፤ እዚያ ደግሞ ከቤቱ አምስተኛ የሚሆነው ድምፅ ራሱ የለም፣ ግራ እጄ የሚደገፍበት ሶል ጠፍቷል፣ ስለዚህ ከሥር ቆሞ የሚይዝልኝ ረጅም የቼሎ ድምፅ እፈልጋለሁ። ምናልባት አይሆን ይሆናል። ክረምቱን በሙሉ እሱን ነው የምፈትሽ።

የጀማውን ዘፈን ግን ጋሼ ከመስቀል በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ይመጣሉና እንደገና በሙሉ እንቀርጸዋለን። እማማም ከወዲሁ «ያን ጊዜ ጥሩኝ» ብለውኛል። ዱካዋን በሩ አጠገብ እንዳለች ትቻታለሁ፤ ማይክሮፎኑንም ወደዚያ በኩል ትንሽ አዞረዋለሁ፣ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ እንዲሰማ።